ደጋው በጸሐፍት ዐይን፦ ከይፋት አፋፍ እስከ ወሎ ተራሮች

ከሸዋ ሮቢት ተነሥቶ ወደ ጣርማ በር የሚወጣ መንገደኛ በአንድ ረፋድ ሁለት አገር ያያል። ሲነሣ ያለበት ስፍራ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ የሆነና የአፋር በረሓ ትኩስ ነፋስ የሚደርስበት ቆላ ነው። ዳገቱን ጨርሶ ሲቆም ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ወጥቶ፣ ጉም የሚያለብሰውና ውርጭ የሚመታው ደጋ ላይ ይገኛል። በሁለቱ መካከል የተዘረጋው አፋፍ ከይፋት ጀምሮ በቃሉ፣ በአምባሰልና በየጁ በኩል ወደ ሰሜን ይዘልቃል። ምንጮች የሚፈልቁበት፣ እርከን የተሠራበት፣ በየኮረብታው ጫፍ መስጂድ ወይም ቤተ ክርስቲያን የሚታይበት ምድር ነው። ነዋሪው ይወደዋል፤ ርቆ የሄደው ይናፍቀዋል። በየዘመኑ በዚያ ያለፉ ጸሐፍትም ስለ እርሱ ጽፈዋል።

በዚህ ጽሑፍ የምንጠይቀው ጥያቄ አጭር ነው። ይህን ደጋ በየዘመናቱ የገለጹት ሰዎች ምን አዩ? ያዩትን ያዩትስ ለምን ነበር? ጥያቄው የሥነ ጽሑፍ ፍቅር ብቻ ያስነሣው አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1891 ለአውሮፓ መንግሥታት በላኩት ደብዳቤ ኢትዮጵያን በአረማውያን ባሕር የተከበበች የክርስቲያን ደሴት አድርገው አቅርበዋል። ደብዳቤው የተጻፈው ቅኝ ገዢዎች አፍሪቃን በሚከፋፈሉበት ወቅት የአገርን ወሰን ለማስከበር በመሆኑ፣ የዚያን ጊዜ ዓላማውን እንረዳለን። ምሳሌው ግን ከዓላማው አልፎ በብዙ መጻሕፍት ውስጥ የመልክዐ ምድር ሕግ ሆኖ ተቀመጠ። ደጋው የክርስቲያን፣ ቆላው የሙስሊም ነው ተባለ። ይህን የተማረ የወሎ ወይም የይፋት ልጅ አያቶቹ በተቀበሩበት ተራራ ላይ ቆሞ ራሱን እንግዳ አድርጎ ሊቆጥር ይችላል። ስለዚህ ጽሑፎቹን ራሳቸውን መመርመር ለመምህርም ሆነ ለኢማም ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

በፍትሕ የተገለጸ ምድር

ስለ ሐበሻ ምድር በእስልምና ታሪክ ውስጥ የምናገኘው የመጀመሪያው ገለጻ ስለ ተራራም ሆነ ስለ ወንዝ የሚናገር አይደለም። በመካ ግፍ የበዛባቸው ሶሓቦች በ615 ገደማ ሲሰደዱ፣ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ያቺን አገር የገለጿት በንጉሥዋ ዘንድ ማንም የማይበደልባት የእውነት ምድር በማለት እንደነበር የሲራ መጻሕፍት ዘግበዋል። ስለ አገሩ የአየር ጠባይ፣ ስለ ምግቡ ወይም ስለ መንገዱ ከመነገሩ በፊት የተነገረው ስለ ፍትሑ ነበር።

ከስደተኞቹ አንዷ የነበሩት እሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) ኋላ ያስተላለፉት ትረካም ከዚህ መንገድ አይወጣም። በመልካም ጎረቤት ዘንድ እንደ ኖሩ፣ በሃይማኖታቸው እንዳልተነኩ፣ የሚያስከፋ ቃል እንዳልሰሙ ይናገራሉ። በዚህ ትረካ ውስጥ መልክዐ ምድር ብቅ የሚለው ለአንድ ቅጽበት ነው። በነጃሺ ላይ ባላንጣ ተነሥቶ በወንዝ ማዶ ጦርነት በሆነ ጊዜ፣ ወጣቱ ዙበይር ኢብን አል-ዐዋም (ረ.ዐ.) በተነፋ አቁማዳ ላይ ሆኖ ወንዙን ተሻግሮ የጦርነቱን ውጤት አይቶ ተመለሰ። ወንዙ የተጠቀሰው ስለ ውበቱ አይደለም። የስደተኞቹ ጭንቀት በወዲህ፣ የንጉሡ ዕጣ በወዲያ ማዶ ስለነበረ ነው። ትረካው እነርሱ ለነጃሺ ድል ወደ አላህ ይማጸኑ እንደነበርም ይነግረናል።

ሌላም ትንሽ ነገር አለ። በቡኻሪ ዘገባ መሠረት፣ በሐበሻ ምድር የተወለደችው እሙ ኻሊድ በልጅነቷ አዲስ ልብስ በተሰጣት ጊዜ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በሐበሾች ቋንቋ «ማለፊያ» የሚል ትርጉም ያለውን ቃል ተናግረውላታል። ቃሉ በግእዙ «ሠናይ» የምናውቀው ነው። ስደተኞቹ ይዘውት የተመለሱት የዚያ ምድር ትዝታ በአንድ የቸርነት ቃል ውስጥ ቀርቶ እናገኘዋለን። እንግዲህ የመጀመሪያው ገለጻ የሰጠን መለኪያ ይህ ነው፦ ምድር የሚመሰገነው በላዩ የሚኖረው ሰው እንዴት እንደሚያዝ ታይቶ ነው። ወደዚህ መለኪያ በመጨረሻ እንመለሳለን።

ያላየውን የጻፈው ደማስቄ

ከዚያ በኋላ የመጡት የዐረብ ጂኦግራፊ ጸሐፍት ስለ ሐበሻ ሲጽፉ ዐይናቸው በአብዛኛው በባሕሩ ጠረፍና በነገሥታቱ ከተማ ላይ ነበር። የይፋትን አፋፍ በዝርዝር ያስተዋወቀን ሺሃብ አድ-ዲን አሕመድ ኢብን ፈድሉላህ አል-ዑመሪ ነው። በ1301 በደማስቆ የተወለደውና በ1349 ያረፈው ይህ ሰው፣ በመምሉኮች መንግሥት ጽሕፈት ቤት ያገለገለ ባለሟል ነበር። «መሳሊክ አል-አብሷር» በተባለው ታላቅ ሥራው ስለ ሰባት የሐበሻ ሙስሊም መንግሥታት ጽፏል፤ እነርሱም ይፋት፣ ደዋሮ፣ ዐረባብኒ፣ ሐድያ፣ ሸርኻ፣ ባሌና ዳራ ናቸው።

አል-ዑመሪ እግሩ ሐበሻን አልረገጠም። ያወቀውን ያወቀው ከሰው ጠይቆ ነው። ዋነኛ ነጋሪው ሼኽ ዐብደላህ አዝ-ዘይለዒ ሲሆኑ፣ እኚህ ፈቂህ ካይሮ የተገኙት አቤቱታ ይዘው ነበር። የእስክንድርያው ፓትርያርክ ለሐበሻው ንጉሥ ጽፎ በሙስሊሞች ላይ የሚደርሰውን በደል እንዲያስቆም፣ የግብፁ ሱልጣን ጣልቃ እንዲገባላቸው ይለምኑ ነበር። ይህን ሳናስታውስ የአል-ዑመሪን ገጾች ብናነብ እንሳሳታለን። የሰባቱ መንግሥታት ድህነት፣ መከፋፈላቸውና ለአምሐራው ንጉሥ መገበራቸው ደጋግሞ የሚነሣው፣ ቢተባበሩ ኖሮ ራሳቸውን በተከላከሉ ነበር የሚለውም ቁጭት የሚሰማው፣ ገለጻው ከአቤቱታ ስለ ተወለደ ነው።

ያም ሆኖ አቤቱታው የምድሩን በረከት አልሸፈነውም። ይፋት ርዝመቷ የ15 ቀን፣ ስፋቷ የ20 ቀን መንገድ እንደሆነ፣ መንደሮቿ ተያይዘው እንደሚገኙ፣ ሠራዊቷ 15,000 ፈረሰኛና ከ20,000 የሚበልጥ እግረኛ እንደሆነ ይነግረናል። ሸንኮራ አገዳ፣ ሙዝና ሎሚ ይቆጥራል። የጤፍን ስም ጠርቶ ፍሬው ደቃቅ መሆኑን ይገልጻል። ጫትንም ይጠቅሳል፤ ቅጠሉን የሚበሉት ሰዎች ሐሳብን ያነቃል፣ እንቅልፍን ይቀንሳል ማለታቸውን መዝግቦአል። ዛሬ በጫት ላይ ያለን የፊቅህ ክርክር ምንም ይሁን ምን፣ ስለ ተክሉ ከተጻፉት ጥንታውያን ምስክርነቶች አንዱ ከይፋት መምጣቱ የታሪክ ሐቅ ነው።

ለእኛ ከሁሉ የሚበልጠው ግን ስለ ቤትና ስለ መስጂድ የጻፈው ነው። ቤቶቹ ከጭቃ፣ ከድንጋይና ከእንጨት የተሠሩ፣ ጣራቸው ሣር የሆነ፣ ከተሞቹም ቅጥር የሌላቸው እንደሆኑ ይናገርና፣ እንዲህም ሆኖ ጁምዓ የሚሰገድባቸው ጃሚዖችና ጀማዓ የሚቆምባቸው መስጂዶች እንዳሏቸው ያስከትላል። በቅጥርና በዕብነ በረድ ለለመደ የካይሮ አንባቢ ይህ አስደናቂ ነገር ነበር። በዚህ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዓመታት የከርሰ ምድር ተመራማሪዎች በአፋፉ ላይ እንደ አስበሪ፣ ማሳል፣ ራሳ ጉባና ኖራ ባሉ ስፍራዎች የድንጋይ ከተሞችንና የመስጂዶችን ፍርስራሽ አጥንተዋል። ያላየውን የጻፈው ደማስቄ ነጋሪውን ማመኑ ትክክል እንደነበር ድንጋዩ መስክሮለታል።

ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ተቂ አድ-ዲን አል-መቅሪዚ (1364–1442) በሐበሻ ምድር ስለነበሩ የሙስሊም ነገሥታት አነስተኛ መጽሐፍ ሲያዘጋጅ፣ ብዙውን ከአል-ዑመሪ ወስዶ፣ በመካ ካገኛቸው ሰዎች የሰማውን የወላስማ ነገሥታት ታሪክ ጨመረበት። እንግዲህ ስለ ይፋት ደጋ የነበረው የዐረቡ ዓለም እውቀት የተጠራቀመው በካይሮ በር ላይ በቆሙ አቤት ባዮችና በሐረም በተገናኙ ሐጃጆች አፍ ነው። ይህ ለእኛ ትልቅ ትምህርት ነው። ምድሩን ለዓለም ያስተዋወቁት ራሳቸው የምድሩ ልጆች ነበሩ፤ ብዕሩ ብቻ የሌላ ነበር።

ተራራው ምሽግ በሆነበት ዘመን

በ16ኛው ክፍለ ዘመን ደጋውን የገለጹ ሁለት ጸሐፍት ጎን ለጎን ሊነበቡ ይገባል። አንዱ በ1520 የመጣውና ስድስት ዓመት የቆየው ፖርቹጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነው። ሌላው የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂምን ዘመቻ የጻፈው፣ ዐረብ ፈቂህ በሚል ስም የሚታወቀው ሺሃብ አድ-ዲን አሕመድ ኢብን ዐብዱልቃዲር ነው። ሁለቱም በሐይቅና በቤተ አምሐራ፣ ማለትም ዛሬ ደቡብ ወሎ በምንለው አካባቢ ስላለው ምድር ጽፈዋል። በመካከላቸው ያለው የዘመን ልዩነት ጥቂት ዓመታት ብቻ ነው።

አልቫሬዝ ሐይቅን ሲያይ በደሴቷ ላይ ያለውን ገዳም አየ። የግሼንን አምባ ሲገልጽ በገደል የታጠረ፣ የነገሥታት ልጆች የሚጠበቁበትና እንግዳ እንዳይቀርበው የተከለከለ ተራራ አድርጎ ነው። ይሁንና ይኸው ቄስ በሰሜን በኩል ሲያልፍ ማናደሌይ ስለምትባል ከተማ ጽፏል። ነዋሪዎቿ ለንጉሡ የሚገብሩ ሙስሊሞች ነበሩ፤ ገበያዋም ከሩቅ አገር የመጡ ነጋዴዎች የሚገናኙበት ታላቅ ገበያ ነበር። የክርስቲያን ደጋ ለመፈለግ የመጣ ሰው፣ በደጋው መንገድ ላይ የሙስሊም ከተማ አግኝቶ ያለ ማመንታት መዘገበ። በ1540 ሊዝበን ላይ የታተመው መጽሐፉ ስለዚህ ጉዳይ የሚሰጠው ምስክርነት ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ ለእኛ ሊያደላ የሚችልበት ምክንያት አልነበረውምና።

ዐረብ ፈቂህ ደግሞ ተራራን የሚያየው በዘማች ዐይን ነው። ማለፊያው የት ነው፣ በሩ ስንት ነው፣ ውኃው በማን እጅ ነው ብሎ ይጠይቃል። ሐይቅ በእርሱ ገጾች ላይ ታንኳ ሠርተው ሊሻገሩት የሚገባ ውኃ ነው። አምባው ሊሰበር የሚገባ ምሽግ ነው። ዘመቻው ብዙ ሕይወት ያጠፋና ብዙ አብያተ ክርስቲያናትን ያወደመ መሆኑን መጽሐፉ ራሱ አይሸሽግም፤ እኛም ልንሸሽግ አይገባንም። የጦርነት መጽሐፍ ምድርን የሚገልጸው ለመያዝ ነው፤ በላዩ የሚኖረውን ሰው የሚያየውም ወይ ጠላት ወይ ተገዢ አድርጎ ነው።

በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ግን ልናልፈው የማይገባን አንድ ክርክር አለ። በ1529 ከሽምብራ ኩሬ ጦርነት በኋላ፣ ዘምቶ መመለስን ከአባቶቻቸው የለመዱ ወታደሮች በሐበሻ ምድር ላይ የመቀመጥን ሐሳብ አልወደዱትም፤ ኢማሙ ግን መቆየትን ፈለጉ። በዚያ ሰፈር የተነሣው ጥያቄ የስልት ብቻ አልነበረም። ደጋው የሚዘመትበት አገር ነው ወይስ የሚኖሩበት? ሰይፉ ለጥያቄው ዘላቂ መልስ አልሰጠም። ኢማሙ በ1543 ወደቁ፤ ሠራዊቱም ተበተነ። መልሱን በዚያው በቤተ አምሐራ ምድር ላይ ከዘመናት በኋላ የሰጡት ኪታብና መቁጠሪያ የያዙ ሰዎች ናቸው። ወደ እነርሱ ከመድረሳችን በፊት ግን በመንገደኞቹ በኩል እንለፍ።

ከደጋ ወደ ደጋ የመጣው መልእክተኛ

በ17ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ዐፄ ፋሲለደስ ከየመን ጋር በበይሉል ወደብ በኩል የንግድ መንገድ ለመክፈት ፈልገው ለየመኑ ኢማም አል-ሙተወኪል ኢስማዒል ጻፉ። ኢማሙ ደግሞ ንጉሡ ወደ እስልምና ሊገቡ ይችላሉ የሚል ተስፋ አድሮባቸው ቃዲውን አል-ሐሰን ኢብን አሕመድ አል-ሐይሚን ላኩ። አል-ሐይሚ በበይሉል ወርዶ፣ የአፋርን በረሓ አቋርጦ፣ ደጋውን ወጥቶ በ1648 ጎንደር ገባ። ሲመለስ የጉዞውን ታሪክ ጻፈ።

አል-ሐይሚ ያለፈበት ደጋ ከወሎ በስተሰሜንና በስተምዕራብ ያለ ነው። ሆኖም የእርሱን ገለጻ ከሌሎቹ የሚለየው ነገር ስላለ እዚህ አንሥተነዋል። አል-ሐይሚ ራሱ የደጋ ሰው ነው። በየመን ተራሮች፣ በእርከንና በድንጋይ ቤት መካከል ያደገ በመሆኑ፣ ለእርሱ እንግዳና አስፈሪ የነበረው የበረሓው መንገድ ነው። ጎንደር ሲደርስ የንጉሡን ቤተ መንግሥት በድንጋይና በኖራ የተሠራ ድንቅ ሕንፃ አድርጎ ያደንቃል። የተላከበት ተስፋ ግን አልተሳካም፤ ንጉሡ የፈለጉት መንገድና ንግድ ነበር። ይህ መከፋት በአጻጻፉ ላይ ጥላውን ጥሏል። ምድሩን ሲያመሰግን የአገሩ ሰው ይመስላል፤ ሰዎቹን ሲያነሣ ግን እንደ እንግዳ ይናገራል። ሁለቱን ለይቶ ማንበብ የአንባቢ ፋንታ ነው።

ወደ ወሎ ስንመለስ ተመሳሳይ ነገር በአንድ አውሮፓዊ ላይ እናያለን። የጀርመኑ ሚሲዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ በ1842 ከአንኮበር ተነሥቶ በወሎ በኩል ወደ ጎንደር ሊያልፍ ሞከረ። በደብረ ታቦር በተደረገው ጦርነት ምክንያት መንገዱ ሲታወክበት ወደ ኋላ ተመለሰ፤ በዚህ ጊዜ አዳራ ቢሌ በተባለ የወሎ ባላባት እጅ ወድቆ ንብረቱ ተዘረፈ፤ በመጨረሻም በብዙ ችግር ምጽዋ ደረሰ። የወሎን ሙስሊም መሳፍንት አስተዳደርና የሕዝቡን ኑሮ በተመለከተ ማስታወሻው ጠቃሚ ነው። ነገር ግን የተዘረፈ ሰው ስለ ዘረፈው አገር የጻፈው መሆኑን ዘንግቶ የሚያነብ ሰው የአንድን ባላባት ጠባይ የሕዝብ ጠባይ አድርጎ ይወስዳል። በእርግጥም ከእርሱ በኋላ የመጡ አንዳንድ ጸሐፍት ይህን አድርገዋል።

ነዋሪው ሲናገር

እስካሁን የጠቀስናቸው ሁሉ ወይ ከውጭ የመጡ ናቸው፣ ወይ በሌላ ሰው ብዕር የተናገሩ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ19ኛው መጀመሪያ ግን ደጋው ከውስጥ መናገር ጀመረ። ሙሐመድ ሻፊ በአልቡኮ ኮረብታማ ምድር ጀማ ንጉሥን የትምህርትና የዒባዳ ማዕከል አደረጉ። ሐጅ ቡሽራ በቃሉ፣ በጌታ ተቀመጡ። በየጁ የዳናው ሼኽ አሕመድ ኢብን አደም እስካረፉበት እስከ 1903 ድረስ ብዙ ዑለማን አፈሩ። በአርጎባዎቹ የድንጋይ መንደር በሾንኬ ሼኽ ጀውሐር ኢብን ሐይደር አስተማሩ። ደረሳው ስንቁን ተሸክሞ ከአንዱ ተራራ ወደ ሌላው፣ ለፊቅህ ወደ አንዱ፣ ለነሕው ወደ ሌላው ተጓዘ። ደጋው በዘማች ዐይን የበሮችና የምሽጎች ዝርዝር የነበረው፣ በደረሳው እግር የዒልም ካርታ ሆነ።

የእነዚህ ሰዎች ገለጻ በጂኦግራፊ መጽሐፍ መልክ አልተጻፈም። በዐረብኛ ቀሲዳ፣ በዐረብኛ ፊደል በተጻፈ አማርኛ፣ ማለትም በአጀሚ፣ ከሁሉም በላይ በመንዙማ ተላልፏል። ከአጀሚ ጸሐፍቱ አንዱ በ1936 ያረፉት ሼኽ ጦልሓ ኢብን ጀዕፈር ናቸው። በ1878 ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ የወሎ ሙስሊሞች ክርስትናን እንዲቀበሉ ባዘዙ ጊዜ፣ ከተቃወሙት መካከል ግንባር ቀደም ነበሩ። በዚያ ዘመን ተራራው መሸሸጊያ ሆነ። የሶሓቦቹ ስደት በባሕር ማዶ ወደ ሐበሻ ነበር፤ የወሎው ሙስሊም ስደት ግን ከሐበሻ ወደ ሐበሻ፣ ከሜዳው ወደ ገደሉ ነበር።

ነዋሪው ደጋውን የገለጸበትን መንገድ ለመረዳት አንድ የቋንቋ ልማድ ብቻ ማስተዋል ይበቃል። ሕዝቡ ታላላቅ ዓሊሞቹን በትውልድ ስማቸው እምብዛም አይጠራም። «የዳናው»፣ «የጌታው»፣ «የሾንኬው» ይላል። ዐረብኛውም ይህን ተከትሎ «አድ-ዳኒ» ይላል። ሰውየው የቦታውን ስም ይወስዳል፤ ቦታው ደግሞ የሰውየውን ክብር። ካይሮ ላለ ጸሐፊ ይፋት የቀናት ርዝመትና የፈረሰኛ ቁጥር ነበረች። ለዘማቹ ግሼን በር ነበር። ለወሎ ገበሬ ግን ዳና ማለት ሰው ነው፤ ከዚያ ሰው የተቀዳ ዒልም፣ ከዚያ ደጃፍ የተሰማ ዱዓ ነው። ስለ ዚያራ በዑለማ መካከል ያለው የፊቅህ ክርክር የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። እኛ የምንለው፣ አንድ ሕዝብ ተራራውን በመምህሩ ስም ሲጠራና መምህሩን በተራራው ስም ሲጠራ፣ በዚያ ምድር ላይ እንግዳ ላለመሆኑ ከዚህ የበለጠ ምስክር አይገኝም ነው።

ይህን ከውስጥ የመጣ ድምፅ በዘመናዊ ጥናት ዘንድ እንዲሰማ ያደረጉት በ2009 ያረፉት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የታሪክ ምሁር ፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድ ናቸው። በ2001 ስለ 19ኛው ክፍለ ዘመን ወሎ እስልምና ባሳተሙት መጽሐፍ የመንገደኞችን ማስታወሻ ከአገር ውስጥ የዐረብኛ ጽሑፎችና ከቃል ትውፊት ጋር አስተያይተው፣ የወሎን እስልምና የሠሩት በዋነኛነት የአገሩ ዑለማ መሆናቸውን አሳይተዋል። እኛም በዚህ ጽሑፍ የሄድነው በከፈቱት ጎዳና ነው።

ከገለጻዎቹ የምንማረው

ከላይ ያየናቸውን ስናጠቃልል፣ እያንዳንዱ ጸሐፊ ደጋውን የገለጸው በያዘው ጥያቄ ልክ መሆኑን እናገኛለን። አቤት ባይ ድካሙን፣ ዘማች በሩን፣ መልእክተኛ ተስፋውንና ቅሬታውን፣ የተዘረፈ ጉዳቱን አየ። ነዋሪው መምህሩን አየ። አንዳቸውም ሙሉ አይደሉም፤ አንዳቸውም አይጣሉም። መምህር ለተማሪው ከእነዚህ አንዱን ሲያስነብብ «ጸሐፊው ምን አለ?» ከሚለው ጋር «ለምን መጣ?» የሚለውን እንዲያስጠይቅ እንመክራለን።

ሁለተኛው ትምህርት ስለ ደሴቱ ምሳሌ ነው። ከይፋት መስጂዶች እስከ ማናደሌይ ገበያ፣ ከጀማ ንጉሥ እስከ ሾንኬ ያለው ምስክርነት፣ ሙስሊሙ የደጋው ነዋሪ እንጂ ከቆላ የወጣ እንግዳ አለመሆኑን ያሳያል። ሆኖም አንዱን ስሕተት በሌላ ስሕተት ልናርመው አይገባም። ደጋው የእኛ ብቻ ነበረ ማለት፣ የደሴቱን ምሳሌ ገልብጦ መያዝ ይሆናል። የሐይቅ ገዳምም የጀማ ንጉሥ መስጂድም የአንድ ምድር ልጆች ናቸው። በወሎ አንድ ቤተሰብ ሙስሊምና ክርስቲያን ዘመዶችን አቅፎ መገኘቱ እንግዳ ነገር አይደለም። በኹጥባም ሆነ በክፍል ውስጥ ስለ ታሪክ ስንናገር ይህን ሚዛን መጠበቅ አማና ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ አስቸኳይ ነው። የውጭ ሰዎቹ ገለጻ ታትሞ በየቤተ መጻሕፍቱ ተቀምጧል። የነዋሪው ገለጻ ግን እስከ ዛሬ በአብዛኛው ያለው በሁለት ቦታ ነው፤ በየገጠሩ ሣጥን ውስጥ ባለ የእጅ ጽሑፍና በሽማግሌዎች ደረት ውስጥ። የመጀመሪያውን ጭስ፣ እርጥበትና ምስጥ ይበሉታል፤ ሁለተኛው ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። መንዙማ አዋቂ ሽማግሌ ባረፈ ቁጥር ስለ አንድ ኮረብታ፣ ስለ አንድ ምንጭ፣ ስለ አንድ ሸኽ የሚናገር ገጽ ይጎድላል። ስለዚህ መምህራን ተማሪዎቻቸውን የመንደራቸውን ቦታዎች ስምና የስማቸውን ምክንያት ከአያቶቻቸው ጠይቀው እንዲጽፉ ቢያደርጉ፣ ኢማሞችም በመስጂዳቸው ያለውን የእጅ ጽሑፍ ከቦታው ሳይነቅሉ በባለቤቶቹ ፈቃድ ፎቶ አንሥተው ቢያስቀምጡ፣ የመንዙማውንም ድምፅ ከነተናጋሪው ስም ቢቀርጹ፣ ትልቅ ሥራ ይሠራሉ። ለዚህ ገንዘብ ከሚጠይቀው ይልቅ ትጋት የሚጠይቀው ይበልጣል።

በመጨረሻ ወደ መጀመሪያው መለኪያ እንመለስ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ይህችን አገር በተራራዋ ከፍታ ወይም በምንጯ ጥራት አልገለጿትም፤ ማንም የማይበደልባት በማለት እንጂ። ያ ገለጻ ለእኛ ክብር ብቻ ሆኖ እንዲቀር አልተነገረም። በእያንዳንዱ ትውልድ ላይ የሚጠየቅ ጥያቄ ሆኖ ይኖራል። ወደፊት ስለዚህ ደጋ የሚጽፍ ሰው ጤፉን፣ ጉሙንና እርከኑን እንደ ቀደሙት ያገኛቸዋል ብለን ተስፋ እናደርጋለን። በላዩ ያለው ሰው እንዳልተበደለ ሊጽፍ መቻሉ ግን በእኛ በዛሬዎቹ ነዋሪዎች እጅ ነው። ወላሁ አዕለም።